ለትንንሾቹ ማይክሮፎኖቼ 9 ቮልት

ባለፈው ቅዳሜ ካዛንቺስ ከሚገኝ አንድ አዝማሪ ቤት፣ ባለቤቱን አስፈቅጄ የቀረጽኩትን ቤቴ ገብቼ ሳዳምጥ አዘንኩ። ማሲንቆው ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ከበሮው ሲመታ ግን ድምፁ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። የመቅረጫውን የድምፅ መጠን ዝቅ አድርጌ ስለነበር ጥፋቱ ከዚያ አልነበረም።

ሽምብራ የሚያካክሉት ማይክሮፎኖቼ በውስጣቸው ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ጥቃቅን ማጉያ አላቸው። እስካሁን ኃይል የሚያገኙት ከመቅረጫው የማይክሮፎን መሰኪያ ነበር፤ ከ2 እስከ 3 ቮልት ገደማ። ለቃለ መጠይቅ ይበቃል። ከበሮ፣ ጭብጨባና እልልታ አንድ ላይ ሲነሱ ግን ማጉያው አቅም ያጥረውና የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ያን የመሰለ እልልታ እንዲህ ተበላሽቶ መስማት ያንገበግባል!

አሁን ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትል፣ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሣጥን ይዣለሁ። ከእሷ የሚወጣውን ገመድ የምሰካው በመቅረጫው የማይክሮፎን መሰኪያ ሳይሆን ጠንከር ያለ ሲግናል በሚቀበለው ሌላ መሰኪያ፣ በላይን መግቢያው ነው፤ አለበለዚያ የመቅረጫው የራሱ ማጉያ በኃይለኛው ድምፅ ይጨናነቃል። ለትልልቅ ማይክሮፎኖች የሚሰጠውን 48 ቮልት ግን ያለ መቀነሻ ወደ ትንንሾቹ አላስጠጋም፤ ሊያቃጥላቸው ይችላል።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ከበሮ ስትመታ ሞከርኩት። የእጇ ምትና የቆዳው ርግብግብታ ለየብቻ ተሰሙ። ለፊታችን ቅዳሜ ትርፍ ባትሪ ገዝቻለሁ።