በቀበሌ ወሰን የከለልነው ደን

በሸካ ዞን በሚገኝ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የደን ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ወቅት፣ የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከወጣ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 542/1999 ደንን የመንግሥትና የግል ብሎ ለሁለት ብቻ ሲከፍል፣ አዲሱ አዋጅ ለማኅበረሰብ ደንና ለማኅበር ደን ዕውቅና ሰጠ። በጭሊሞ፣ በቦንጋና በአዳባ ዶዶላ በፕሮጀክት ድጋፍ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደር፣ ማለትም ነዋሪው ደኑን ከመንግሥት ጋር የሚያስተዳድርበት አሠራር፣ የሕግ መሠረቱ እንዲህ መጽናቱ እኔንም ባልደረቦቼንም ከልብ አስደስቶን ነበር፤ ለሥራ የቸኮልነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የተመደብኩበትን ደን ለአንድ ቀበሌ የደን ተጠቃሚዎች ማኅበር ለማስረከብ ከኮሚቴው ጋር ወሰኑን በእግር ዞርን፤ በጂፒኤስ ነጥብ ወስደን ካርታ ሠራን፤ የአስተዳደር ዕቅዱም ተጻፈ። የደኑ ወሰን ከቀበሌው ወሰን ጋር እንዲገጥም ያደረግሁት እኔ ነኝ። ካርታው ላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፤ ለክትትልም ይመቻል። መተዳደሪያ ደንቡንም ሌላ ቦታ ከተሠራበት ቅጽ ወስጄ ሳዘጋጅ፣ አባል ያልሆነ ሰው ወደ ደኑ እንዳይገባ የሚከለክለውን አንቀጽ እንዳለ አስቀረሁት። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ማንም አልተቃወመውም። ሊቃወሙት የሚችሉት ሰዎች እዚያ እንዳልተጠሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በማር ቆረጣው ወቅት አንድ ሽማግሌ የቀፎ መውጫ ገመዳቸውን በትከሻቸው ጥለው ወደ ቢሮ መጡ። ነዋሪነታቸው በአጎራባቹ ቀበሌ ነው። ከአባታቸው በወረሱት የጫካ ክፍል ውስጥ የሰቀሏቸው ቀፎዎች ማር ሞልተው ሳለ፣ የማኅበሩ ጥበቃዎች ከመንገድ መልሰዋቸዋል። የእህታቸው ልጅም በሌሊት ሊቆርጥ ሲገባ ተይዞ በደንቡ መሠረት ተቀጥቷል። «ልጄ፣ ዛፉ የመንግሥት ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ። ቀፎው ግን የእኔ ነው፤ ከአባቴ ጀምሮ የምንሰቅልበት ኮቦም ይታወቃል። ኮቦውን ማን ሰጠብኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥበቃዎቹ ያደረጉት እኔ የጻፍኩትን ብቻ ነው።

ኮቦ በሸካ ሕዝብ ዘንድ አንድ ቤተሰብ ቀፎ የሚሰቅልበት፣ በውርስ የሚተላለፍ የጫካ ክፍል ነው። በሌላው ኮቦ ያለፈቃድ ቀፎ መስቀል ነውር ነው። ወሰኑ በወንዝ፣ በጋራና በታወቁ ዛፎች ይለያል እንጂ ቀበሌ የሚሉትን አያውቅም፤ ቀበሌ የመጣው ከኮቦ በኋላ ነውና። የኮቦን ወሬ ከዚያ በፊትም ሰምቼ ነበር። ሆኖም በየትኛውም የመንግሥት መዝገብ ላይ ስላልተጻፈ፣ እንደ ባህል ጉዳይ እንጂ እንደ ይዞታ አላየሁትም። ስሕተቴ ይህ ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከሁለቱ ቀበሌዎች ሽማግሌዎች ጋር ሆነን ደኑን ለሦስት ቀናት እንደገና ዞርን። በዚህ ጊዜ ጥያቄዬ «ወሰኑ የት ነው?» ሳይሆን «እዚህ ቦታ ማን፣ በየትኛው ወር፣ ምን ይወስዳል?» የሚል ነበር። በከለልነው ደን ውስጥ አሥራ ሰባት ኮቦ ቆጠርን፤ የስድስቱ ባለቤቶች ከወሰናችን ውጭ የሚኖሩ ነበሩ። ኮረሪማና ጢምዝ የሚለቅሙ ሴቶችም ተገኙ፤ በእኔ መዝገብ ላይ ግን የሰፈረው የአባወራዎች ስም ብቻ ነበር።

ነገሩ በዚህ ብቻ አላለቀም፤ ይበልጥ የከበደኝም ቀጥሎ የመጣው ነው። ኮቦ የሌላቸው ወጣቶች፣ «የአባቶችን ይዞታ በመተዳደሪያ ደንቡ ካጸናችሁት እኛ ከደኑ ምን ይደርሰናል?» ብለው ተነሡ፤ እውነታቸውን ነው። ልማድን ማክበር ፍትሕን ሁሉ አያመጣም፤ ኮቦም ያለውን ከሌለው የሚለይ ሥርዓት ነው። በሥልጠና የተማርኩት የአዳባ ዶዶላ አሠራር እዚህ ላይ ትዝ አለኝ። በዚያ አንድ ቡድን ከ30 አባወራ እንዳይበልጥ፣ ለእያንዳንዱም 12 ሄክታር ደን እንዲታሰብ የተደረገው ደኑ መሸከም ከሚችለው ተነሥቶ ነበር። እኔ ግን ቁጥሩን ያገኘሁት ከቀበሌ መዝገብ ነው፤ ደኑ ስንት ሰው ሊያኖር እንደሚችል አልጠየቅሁም።

ከብዙ ስብሰባ በኋላ ደንቡ ተሻሻለ። የአጎራባች ቀበሌ የኮቦ ባለቤቶች በስም ተመዝግበው ለቀፎ የመግባት መብት አገኙ፤ በአንጻሩ እሳት የመከላከልና ሕገወጥ ቆራጭ ሲያዩ የመጠቆም ግዴታ ተቀበሉ። የኮረሪማና የጢምዝ ለቀማ ለአባላት ሁሉ፣ ለሴቶችም በራሳቸው ስም ተፈቀደ። ለወጣቶቹ በደኑ ዳርቻ የዘመናዊ ቀፎ ቦታ ተለየ፤ የሚበቃቸው ግን አልመሰለኝም፤ ይህንኑም ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ አሳውቄአለሁ። የእህት ልጅየው የከፈለው ቅጣት ተመለሰለት። የዚያ ዓመት የሽማግሌው ማር ግን በቀፎው እንዳለ ቀረ።

በቀጣዩ ዓመት ወደ ሌላ ቀበሌ ለተመሳሳይ ሥራ ስሄድ ጂፒኤሱን ቢሮ ትቼ ሄድኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ከቀፎ ሰቃዮችና ከለቃሚዎች ጋር ጫካ ውስጥ ዋልኩ፤ ካርታው የተጀመረው በሁለተኛው ሳምንት ነው።