አውራ ጣቴ አደባባይ የወጣችበት ቅዳሜ

እንቅልፍ ካጣሁ አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። ጋደም ባልኩ ቁጥር የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል። ከጡሩምባው ቀጥላ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች። እሷን ስሰማ ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሬ እስባለሁ። ጥያቄዋን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ራሴን ትንሽ ልከላከል።

የነገሩ ጥፋት ከሲሚንቶ ይጀምራል። ጎንደር፣ አዘዞ፣ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ክፍል ሰርቪስ ልሠራ አሰብኩ። ብሎኬት ስንት እንደገባ ጠየቅሁ። ዋጋውን የነገረኝ ሰውዬ ራሱ አፍሮ ወደ መሬት አየ። በእንጨትና ጭቃ ላድርገው ብል አጣናው ተወዷል፤ ምስጡ ደግሞ በነፃ ነው። እንዲህ ግራ ተጋብቼ ሳለ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። ሰውየው አፈር ይጨምራል፣ ክዳን ይዘጋል፣ ዘንግ ይጎትታል፣ ያማረ ብሎኬት ይወጣል። ላብ የለ፣ ማቃሰት የለ። እንዲያውም ነጭ ሸሚዝ ለብሷል።

ያን ነጭ ሸሚዝ ማየት አልነበረብኝም።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት ሌላ ወሬ አላወራሁም። ማሽኑ ሲንቫ ራም ይባላል፤ ራውል ራሚሬዝ የሚባል የቺሊ መሐንዲስ ነው የፈጠረው፤ ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ፣ በፈረንጅ 1950ዎቹ፤ መብራት አይፈልግ፣ ነዳጅ አይፈልግ፣ ክንድ ብቻ። ይህን ለእናቴ ነገርኩ። ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ነገርኩ። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ሳይቀር ነገርኩ። ጥግ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ወሬዬን በግማሽ ጆሮ ሲሰሙ ቆይተው «ነፍሱን ይማረው» አሉ። የሞተው ራሚሬዝ መስሏቸው ነው።

የጎረቤታችን እማማ ግን በሙሉ ጆሯቸው ነው የሰሙኝ። ቡና ላይ «ፋሲል ይህን ማሽን ቢያገኝ ኖሮ ግንቡን በአንድ በጋ ይጨርሰው ነበር» ብዬ ተኮፈስኩ። እማማ ሲኒያቸውን አስቀመጡ።

«ፋሲልስ ድንጋይና ኖራ ነበረው። አንተ ምን አለህ?»

«አፈር፣ እማማ።»

«እሱማ ሁላችንም አለን» አሉና ሁለተኛውን ጠጡ።

እውነቱን ለመናገር አፈሩም አልነበረኝም። የእኛ ግቢ ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ላይ ደግሞ የሰው እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እንዲህ የሚያብጥና የሚሟሽሽ አፈር ለብሎኬት አይሆንም፤ ግድግዳው አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀይ አፈር በመኪና አስመጣሁ። እናቴ አፈር በገንዘብ መግዛቴን ስታይ ምንም አላለችም። ወደ ቤት ገብታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ማሽኑን ከአንድ ሰው ተከራየሁ። ስሙን አልጠራም፤ ግን ሲያስረክበኝ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና «ለዘንጉ ሌላ ሰው አለህ አይደል?» አለ። ማሽኑ ከስድሳ ኪሎ በላይ ነው። እኔ ሃምሳ አራት ነኝ። እንግዲህ ከመጀመሪያውም ሚዛኑ የማን እንደነበር ገብቷችኋል።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ በጠዋቱ ጀመርን። እኔ፣ የአክስቴ ልጅና አንድ የቀን ሠራተኛ። ብርድ ስለነበር ካልሲ በነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። ይህቺን ያዙልኝ።

ዝግጅቱ እንከን አልነበረውም፤ ይህን ማንም አይነሳኝም። አፈሩን በወንፊት ነፋን። ሲሚንቶውን አንድ ለአሥራ አምስት ደባለቅን። ውሃውን ረጨት ረጨት አደረግን እንጂ አላፈሰስንም፤ ይሄ ምርጊት አይደለም። ከዚያ የእርጥበት ፈተናውን ሠራሁ። አፈሩን ጨብጠህ ታድበለብለዋለህ፣ ከትከሻህ ከፍታ ትለቀዋለህ። መሬት ላይ እንደ ዱቄት ከተበተነ ደርቋል። ሳይበተን ጥፍጥፍ ብሎ ከቀረ ውሃ በዝቷል። አራት አምስት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው። የእኔ አራት ቦታ ተሰበረ! አንገቴን ቀና አድርጌ ዙሪያውን አየሁ። ያየልኝ ሰው አልነበረም። ሰው የሚያየው ሌላ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ብሎኬት ወጣ። ባለ 29 በ14፣ ትኩስ ድፎ ዳቦ የመሰለ። ሁለት እጄን ከግራና ከቀኝ አድርጌ ሳነሳው ጥጉ ብትን አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። አፈሩ አንሶት ነው፤ ሳጥኑ በደንብ ካልሞላ ዘንጉ ቀልሎህ ይወርዳል፣ ብሎኬቱ ግን አይጠብቅም። እኔም ይህን ተረዳሁ። የተረዳሁት ግን ከልክ በላይ ነው። ለሦስተኛው ሳጥኑን ጢም አድርጌ ሞላሁት። በአካፋ ጀርባ ጠቀጠቅሁት። ደግሜ ሞላሁት። ክዳኑን ለመዝጋት የቀን ሠራተኛው ሊቆምበት ሁሉ ደረሰ።

ዘንጉን ከቆመበት ጎተትኩ። ትንሽ ወረደና ቆመ። ተንጠለጠልኩበት። ቆመ። ብድግ ብዬ ዘልዬ ያዝኩት፣ ሁለቱም እግሬ ከመሬት ለቀቀ። እሱ እንደቆመ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ሰው ይወርዳል። እኔ ግን «አሁን ይወርዳል» አልኩ። ለሦስት ሳምንት ስለ ራሚሬዝ ያወራ ሰው እንዲሁ በቀላሉ አይወርድም። እግሬን አጥፌ መወዛወዝ ጀመርኩ። የግራ ነጠላ ጫማዬ ተፈናጥራ የእናቴ ጌሾ ሥር አረፈች። ያኔ ነው አውራ ጣቴ ብቅ ያለችው።

ቆይ፣ ስለ ካልሲው አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩ ይወጣልኛል ብዬ አላምንም። ያ ካልሲ የሁለት ሳምንት ዕድሜ ነው ያለው! ፒያሳ፣ አስፋልት ዳር፣ ሦስቱን በአንድ አስሮ የሚሸጥ ልጅ «ጋሼ፣ ንጹሕ ጥጥ ነው፣ ልጅህ ይወርሰዋል» ብሎ ምሎልኛል። ግራና ቀኝ ለጥጦ አሳይቶኛል። አሁን ሲገባኝ ያ መለጠጥ የመጨረሻው ነበር። በመጀመሪያው እጥበት አጠረ፣ በሁለተኛው ሳሳ፣ በሦስተኛው ጣቴ መስኮት አበጀች። ሰው በዚህ አገር ጫማውን ማውለቅ እስኪፈራ ድረስ ካልሲ ይሸጥለታል? ሰው ቤት ስትጋበዝ በር ላይ ጫማ አውልቅ ሲሉህ የሚመጣውን ላብ የማያውቅ አለ? እሺ፣ ይብቃኝ።

አውራ ጣቴ ግን አልበቃትም። አርባ ዓመት ሙሉ ጨለማ ውስጥ አንገቷን ደፍታ የኖረች ጨዋ ጣት ናት። ያን ቀን ምን እንደነካት አላውቅም። ብቅ ብላ ዝም አላለችም። ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ በተወዛወዝኩ ቁጥር እሷም ትዞራለች። ልክ ፋሲል ግቢ ውስጥ ፈረንጅ ይዞ እንደሚዞር አስጎብኚ፦ በስተቀኝ የምታዩት አውሮፕላን ማረፊያው ነው፤ በስተግራ የባሕር ዳር መንገድ፤ ወዲያ ማዶ ሽቅብ ጎንደር ከተማ። ጥፍሯን ደግሞ ከቆረጥኳት ቆይቷል። ስናቦካ የገባባት ቀይ አፈር ቁልጭ ብሎ ተቀብቷታል። ቅርብ ላለ ሰው ቀይ አፈር ነው። ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው ግን...

አጥሩ በዚያ በኩል ቆርቆሮ የለውም። መንገድ ነው።

አንድ ባጃጅ ቀስ አለ። ጡሩምባውን ጲጵ አደረገና ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። ከኋላ ሦስት ሰው አንገቱን አወጣ። ሾፌሩ በጣም በትሕትና፣ ከልቡ ለመማር እንደሚጠይቅ ሰው ሆኖ፣

«ጋሼ! ካልሲ እንደተጠለቀ ነው እንዴ የሚሰጣው?» አለ።

ይቺ ናት ጥያቄዋ። አሥራ ሁለት ሌሊት መልስ ስፈልግላት ያደርኩባት። ትናንትና ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ግሩም መልስ አገኘሁ፤ ጠዋት ስነሳ ጠፋኝ።

መውረድ ነበረብኝ። ግን ተሳፋሪዎቹ እያዩኝ ብወርድ መሸነፍ ይመስላል፣ ባልወርድ ደግሞ ልብስ። በዚህ መሃል የሰፈር ልጆች መጡ። ስንት ጊዜ እንደተወዛወዝኩ መቁጠር ጀመሩ። «አሥራ አራት! አሥራ አምስት!» የአክስቴ ልጅ ማሽኑ እንዳይገለበጥ ከሥሩ ያለው ጣውላ ላይ ቆሟል፤ ቆሎ ይቆረጥማል። «ምን ይሻላል?» አልኩት ከላይ ሆኜ። «በርታ» አለኝ።

እማማ ከቅዳሜ ገበያ ሲመለሱ ደረሱ። ዘንቢላቸውን አስቀመጡ። መጀመሪያ ጣቴን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን። ቅደም ተከተሉን ልብ ብያለሁ።

«ውረድ እስቲ፣ ልጄ።»

ወረድኩ። ዘንጉን ወደ ላይ አስመለሱኝ፣ ክዳኑን አስከፈቱኝ። ጎንበስ ብለው ከሳጥኑ አንድ እፍኝ ሙሉ አፈር ዘገኑ። ትንሽ አሰቡና ግማሽ እፍኝ ጨመሩ።

«የሞላ ሞሰብ በጉልበት አይከደንም» አሉ።

ክዳኑን ዘጋሁ። እማማ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ዘንጉን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ «በሥላሴ» አሉና ጎተቱት። ወረደ። እስከ ታች ወረደ! ዘንጉን በወዲያ በኩል ስናዞረው ብሎኬቱ ብቅ አለ። ጠርዙ ቢላ ነው። ልጆቹ አጨበጨቡ። ባጃጁም ጡሩምባ ነፋ። እማማ ዘንቢላቸውን አንስተው ሄዱ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል።

«ሞልቶ እንደነበረ እኮ አይቻለሁ» አለ የአክስቴ ልጅ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቪዲዮ አይቻለሁ ስትል ጊዜ፣ አንተ ታውቃለህ ብዬ ነው።»

ይህን ልጅ ምን እንደማደርገው ገና አልወሰንኩም።

በቀን ሦስት መቶ እናወጣለን ብዬ ነበር። ያን ቀን ያወጣነው ሠላሳ አንድ ነው። ለአንዲቷ ክፍል ከሺህ በላይ ያስፈልገኛል። ስሌቱን እናንተ ሥሩት፤ እኔ አንዴ ሠርቼው ራሴን አሞኛል።

ወሬው ግን ከብሎኬቱ ፈጠነ። ማክሰኞ ዕለት እናቴ ምሳ ካበላችኝ በኋላ አጠገቤ ቁጭ አለች። መሶቡን ከደነች። ከፈተች። መልሳ ከደነች።

«ልጄ፣ መቼም ከተማ ሆነህ የምታየው ብዙ ነው።»

«ምን ሆነ፣ እማ?»

«ምንም። ሴቶቹ ማኅበር ላይ... ጥፍሩን ቀይ ይቀባል ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«አፈር ነው፣ እማ! ቀይ አፈር! አንቺው ፊት ያስመጣሁት!»

«እኔማ እንደዚያ ነው ያልኳቸው» አለች። ዓይኗ ግን እግሬ ላይ ነበር።

ብሎኬቶቹ አሁን ላስቲክ ለብሰው ተደርድረዋል። ቶሎ ከደረቁ ይሰነጠቃሉ፤ ስለዚህ ጠዋት ማታ ውሃ እረጫቸዋለሁ። ሃያ ስምንት ቀን ሲሞላቸው ነው የሚጠነክሩት። የእማማን ብሎኬት ለብቻው አድርጌዋለሁ። ከሁሉም የሚያምረው እሱ መሆኑ ያናድደኛል። አንድ ሁለቴ ውሃውን አሳንሼበታለሁ። ምንም አልሆነም።

ትናንት ማታ የእማማ የልጅ ልጅ በር አንኳኳ። በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ሰጠኝ። «ለጋሼ ስጥ ብላ ነው እማማ» አለና ሮጠ። ፈታሁት። መርፌና አንድ ጥቅል ክር።

ክሩ ቀይ ነው።