የአባዬ ቮልስ ዛሬ ተነሳች

ከወር በላይ አስቸግራኝ ነበር። ቁልፍ ሳዞር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ያቃስታል፣ ፓውዛው ይደበዝዛል። ባትሪ ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ዛሬ ጠዋት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ ገባሁባት። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል። ደህና ነው። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ ወንድሜን «አስነሳ!» አልኩት። 2 ቮልት! ግማሽ ቮልት እንኳን መሙላት አልነበረበትም። ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ሲመለስ መንገድ ላይ የሚያግደው ነገር አለ ማለት ነው።

ከሥር ገባሁ። ካምቢዮውን ከቦዲው ጋር የሚያገናኘው የማሳ ገመድ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት) ጫፉ አረንጓዴ ለብሷል፤ ዝገቱ በጣት ይረግፋል። (እንዲህ ያለ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ።) ሁለቱንም ጫፍ ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩና አጥብቄ አሰርኩት።

በአንድ ቁልፍ ተነሳች። አባዬ ድምፅዋን ሰምቶ ከቤት ወጣ። ምንም አላለም፤ ጣሪያዋን ብቻ ዳበስ አደረጋት።