500 350 ትርፍ፦ ኮሞዶር 64 ላይ ሦስት የፕሮግራም ቋንቋ ስሞክር

ኮሞዶር 64ቱን ያገኘሁት እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያርድ ሴል ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ኮምፒውተር ነው። ሶኬት ላይ ከመሰካቴ በፊት አዳፕተሩን በመልቲሜትር ለካሁት። የዚህ ማሽን የድሮ አዳፕተሮች ሲበላሹ 5 ቮልት መስጠት ሲገባቸው ከዚያ በላይ ይለቁና የሜሞሪ ቺፖቹን ያቃጥላሉ። የእኔው ደህና ነበር።

ስከፍተው ሰማያዊ ስክሪን መጣ። ቤዚክ ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ 38911 ባይት ሜሞሪ ክፍት እንደሆነም ነገረኝ። ቤዚክ ማሽኑ ውስጥ ስላለ በእሱ ጀመርኩ። የአንድ ሱቅ ትርፍ የሚያሰላ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ቫሪያብሎቹን፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚቀመጡባቸውን ስሞች፣ በላቲን ፊደል ግን በአማርኛ ስም ሰየምኳቸው፤ አንዱን ዋጋ፣ አንዱን ዋና። ከዋጋው ላይ ዋናውን ቀንስ አልኩት። ትርፉ ዜሮ! ቁጥሮቹን ብቀያይርም ያው ዜሮ። ግማሽ ምሽቴ ሄደ። ለካ ይሄ ቤዚክ ከስም ላይ የሚያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ነው። ሁለቱም በዳብልዩ እና በኤ ስለሚጀምሩ ለእሱ አንድ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስሞቹን አስቀድሜ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ።

ቀጥሎ አሴምብሊ፤ ማሽኑ በቀጥታ የሚረዳው ማሽን ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ። ስክሪኑ 40 በ25፣ ማለትም 1000 ፊደል ይይዛል። በቤዚክ ስሞላው ፊደሎቹ እየተንጠባጠቡ ሲወርዱ በዓይኔ እከተላቸው ነበር። ያንኑ ሥራ በማሽን ኮድ ጽፌ ቤዚክ የማይነካው የሜሞሪ ቦታ፣ አድራሻ 49152 ላይ አስቀመጥኩት። አንዲት ቁጥር ተሳስቼ ኖሮ ማሽኑ ድርቅ አለ። አጥፍቶ ከማብራት ሌላ መላ አልነበረውም። ዲስክ ላይ ማስቀመጥ በጣም ስለሚዘገይ ሴቭ አላደረግኩም ነበር፤ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ። አሁን ሴቭ ሳላደርግ የማሽን ኮድ አላስነሳም። በሁለተኛው ሙከራ ግን ጣቴን ከቁልፉ ሳላነሳ ስክሪኑ ሞላ።

ልቤን የወሰደው ፎርዝ ነው። ይህን ቋንቋ የፈጠረው ቻርልስ ሙር ነው። እዚህ 3 + 4 ብሎ ነገር የለም። 3 4 + ተብሎ ይጻፋል። ቁጥሮቹ እንደ ሰሃን ይደረደራሉ፣ ከዚያ ትእዛዙ ይመጣል። ብዙ ሰው ይሄ ግራ ያጋባል ይላል። ለእኔ ግን የሰፈሬ ቋንቋ ሆነብኝ። እኛ «ሦስትና አራትን ደምር» እንል የለ? ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው!

በዚያ ላይ የራስን ቃል መፍጠር ይቻላል። «ትርፍ» የሚል ቃል በላቲን ፊደል ሠራሁ፤ ሥራው ሁለተኛውን ቁጥር ከመጀመሪያው ቀንሶ ውጤቱን ማሳየት ነው። ከዚያ 500 350 ትርፍ ብዬ ጻፍኩ። ባለቤቴ ሻይ ይዛ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ፕሮግራም ጽፋ አታውቅም። ስክሪኑን አነበበችና ማስገቢያውን ቁልፍ ሳልጫን «መቶ ሃምሳ ነዋ» አለችኝ።