አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ወደ ቤት

በእግር ኳስ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ገና ከመጀመሪያው ቀን በጥሎ ማለፍ ማወዳደር ልክ አይደለም። ዕጣ ሊወጣ የተሰበሰብን ቀን ተናግሬዋለሁ፤ ዛሬም እላለሁ።

16 ቡድን ነበርን። ሁላችንም የሰፈር ፕሮጀክት። አዘጋጁ ውድድሩ ጥሎ ማለፍ ነው ሲሉ እጄን አወጣሁ።

«ጋሼ፣ በዚህ ከሄድን ስምንት ቡድን አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ይሰናበታል። በአራት ምድብ እንከፋፈል። ሁሉም ቢያንስ ሦስት ሦስት ጨዋታ ያገኛል።»

«ሜዳ በሰዓት ነው የምከፍለው። የ15 ጨዋታ ውድድር 27 ልታደርግብኝ ነው?»

ቁጥሩ ልክ ነው። ግን ሜዳውን ለሁለት ከፍለን፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ፣ 30 ደቂቃ ብናጫውት 24ቱ የምድብ ጨዋታዎች በስድስት ሰዓት ያልቃሉ፤ የሚቀሩት ሁለት ግማሽ ፍጻሜና አንድ ፍጻሜ ብቻ ናቸው። የእሳቸው ደግሞ በሙሉ ሜዳ፣ አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት፣ 15 ሰዓት ይፈጃል። ዘጠኝ ለዘጠኝን ደግሞ እኔ አልፈጠርኩትም። እንግሊዞች በዚህ ዕድሜ ያሉትን እንዲህ ነው የሚያጫውቱት። አሜሪካኖቹም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደንብ አድርገውታል። ሜዳው ሲጠብ፣ ሰው ሲቀንስ፣ ልጁ ኳስ ቶሎ ቶሎ ያገኛል።

«መሸነፍንም ይልመዱ እንጂ!» አሉኝ። ቤቱ ሳቀ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። መሸነፍን የሚለምደው ተሸንፎ በማግስቱ ሜዳ የገባ ልጅ ነው። አሰልጣኙም ቢሆን አንዴ ከተሸነፈ ስለሚያበቃለት በመስከረም የተወለደውን ግዙፍ ልጅ ያሰልፋል። በነሐሴ የተወለደው ደቃቃ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይከርማል። የልደት ዓመታቸው አንድ ነው፤ ግን በዚያ ዕድሜ አሥራ አንድ ወር ብዙ ነው። ቴክኒክ ያለው የትኛው እንደሆነ ማን አየ?

ጥሎ ማለፉ ጸደቀ። እኛም በመጀመሪያው ቀን 1 ለ 0 ወጣን። አንዱ ተከላካዬ መለያውን ሳያወልቅ መጥቶ «ኮች፣ ነገ ስንት ሰዓት እንምጣ?» አለኝ።

ማታውኑ ለወደቁት ቡድኖች አሰልጣኞች ደወልኩ። ሁሉም እሺ አሉ። የሜዳው ኃላፊ ጠዋት ባዶ ነው ብሎ ፈቀደልን። ዋናው ውድድር ሳይጀመር፣ በግማሽ ሜዳ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ አጫወትናቸው። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፦ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ ይሰለፋል። በውድድሩ ቀን ያላስገባነው ትንሹ ልጅ አማካይ ሆኖ ገባ። ኳስ ሳይደርሰው ዞር ብሎ ያያል። ይህን እኔ አላስተማርኩትም። ስልጠና ላይም አይቼበት አላውቅም።

አዘጋጁ መጡና «ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» አሉ።

«ልጆቹ የተመዘገቡት ለመጫወት ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

የዘንድሮው ምዝገባ ተጀምሯል። ከስምንታችን ስድስታችን አወዳደሩ ካልተቀየረ አንመዘገብም ብለን ደብዳቤ አስገብተናል።