ባልነበረ ካውንቲ የተፈለገው ቅድመ አያት

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ ባለ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ የአካባቢ ታሪክና የዘር ሐረግ ክፍል ነው። የሚመጡት አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ የቤተሰብ ወሬ ይዘው ነው የሚመጡት። «ሴት አያቴ የቼሮኪ ልዕልት ነበረች» የሚለውማ አይጣል ነው። ቼሮኪዎች (ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ናቸው) ልዕልት የሚባል ነገር አልነበራቸውም። «ስማችንን ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩብን» የሚለውም ያው ነው። ኤሊስ ደሴት በመርከብ የሚመጡ ስደተኞች ኒውዮርክ ላይ የሚመዘገቡበት ቦታ ነበር። የደሴቱ ሠራተኞች ስም የሚጠሩት ከመርከቡ የተሳፋሪ መዝገብ ላይ ነበር፤ መዝገቡ ደግሞ የሚሞላው መርከቡ ከመነሳቱ በፊት ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቀን ከሌት ስትሰማ ጆሮህ ይደነዝዛል።

አንድ ቀን አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት መጡ። እኔ በልቤ እማማ ነው የምላቸው። ቅድመ አያታቸው ከጆን ሄንሪ ጋር ሠርቷል አሉ።

ጆን ሄንሪን ለማታውቁት ባጭሩ ላውጋችሁ። የቼሳፒክና ኦሃዮ ባቡር ኩባንያ ከ1870 እስከ 1872 ዌስት ቨርጂኒያ ታልኮት አጠገብ ቢግ ቤንድ የሚባል ዋሻ አስቆፈረ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ርዝመቱ ከአንድ ማይል ይበልጣል። ከቆፋሪዎቹ ብዙዎቹ ከባርነት በቅርቡ የወጡ ጥቁሮች ነበሩ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ጆን ሄንሪ በመዶሻው በእንፋሎት ከሚሠራ መሰርሰሪያ ማሽን ጋር ተወዳደረ። አሸነፈ። መዶሻውን እንደያዘም ሞተ። ታልኮት ላይ ሐውልት ቆሞለታል።

መዶሻ መቺ ግን ብቻውን አይሠራም። ረጅሙን የብረት መሮ ድንጋዩ ላይ ደግፎ የሚይዝለት ሰው አለ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ መሮውን በትንሹ ያዞረዋል። መዶሻው ከሳተ የሚያገኘው የያዡን እጅ ነው። የእማማ ቅድመ አያት መሮ ያዥ ነበረ፤ ግራ እጁም እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው የተቀጠቀጠው ይባላል። ይህን ሲነግሩን ሦስት ጣታቸውን አጥፈው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። አያታቸው እንዲያ እያደረጉ ነው አሉ የሚያወሩላቸው።

ባልደረባዬ ጎበዝ ልጅ ነው። ትምህርቱን ገና መጨረሱ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ እጁ ይፈጥናል። ታልኮት ያለችው ሰመርስ ካውንቲ (ካውንቲ በግዛት ሥር ያለ፣ እንደኛ ወረዳ ዓይነት አስተዳደር ነው) ውስጥ ስለሆነ «ሰመርስ፣ የ1870 የሕዝብ ቆጠራ» ብሎ ፈለገ። ዜሮ። «የሉም» አላቸው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት! ጆን ሄንሪ የሚባል ሰው መኖሩ ራሱ እንደሚያከራክር፣ ውድድሩ እዚሁ ቨርጂኒያ ሉዊስ ዋሻ ነው የሚሉ፣ አላባማ ነው የሚሉም እንዳሉ ተነተነላቸው። ያለው ሁሉ ልክ ነው። እማማ ግን ወረቀታቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። «አመሰግናለሁ ልጄ» ብለው ወጡ። ምርቃት አይመስልም ነበር።

ይሄ «የሉም» ለጥቁር አሜሪካዊ ቀላል ቃል አይደለም። በባርነት የኖሩት ሰዎች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በስማቸው የተቆጠሩት በ1870 ነው። በ1850 እና በ1860 ለእነሱ ሌላ ቅጽ ነበር። የጌታው ስም ይጻፋል፤ ከሥሩ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። ከጥቂቶች በቀር ስም የለም።

አለቃችን ሊፍቱ ጋ ደርሳባቸው መለሰቻቸው። ስለ ጆን ሄንሪ አንዲት ቃል አላነሳችም። የት ይኖር ነበር? ሥራው ምን ነበር? ምን ደረሰበት? ይህን ብቻ ጠየቀች። ከዚያ ወደ ልጁ ዞር ብላ፣ «ሰመርስ መቼ ነው የተቋቋመው?» አለችው።

ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1871 ነው። ቆጠራው ሲካሄድ ሰመርስ የሚባል ካውንቲ አልነበረም! በኋላ ከሞንሮ፣ ከግሪንብራየር፣ ከሜርሰርና ከፋየት ተቆርሶ የተሠራ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ራሷ ከቨርጂኒያ ተለይታ ግዛት የሆነችው በ1863 ነው። ለሀበሻ ይሄ አይገርምም። እኛ አገር ሰው ከቀዬው ሳይነቃነቅ ጠቅላይ ግዛት ተወልዶ፣ ክፍለ ሀገር አድጎ፣ ክልል ውስጥ ይጦራል።

ሰውዬው ሞንሮ ተገኘ። የቤተሰቡ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል። ዕድሜ 24። ሥራ፦ የባቡር ሐዲድ። ማንበብ አይችልም፣ መጻፍ አይችልም የሚሉት ዓምዶች ላይ ምልክት አለ። ቆጣሪ የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ስሜ ተሳስቷል ብሎ አያርመውም።

አለቃችን የ1880ውንም አስከፈተች። አሁን ሰመርስ ውስጥ ነው፣ ሚስትና ልጆች አሉት። የዚያ ዓመት ቅጽ የአካል ጉዳት ላለበት ሰው ምልክት የሚደረግበት ዓምድ ነበረው። በሰውዬው መስመር ላይ አንዲት ጭረት አለች። እጅ ይሁን እግር አትናገርም፤ አለቃችንም እጅ ነው አላለችም። እማማ ግን ጭረቷን በጥፍራቸው ስክሪኑ ላይ ነክተው ዝም አሉ።

እንደኔ እንደኔ በቤተሰብ ወሬ ውስጥ ትልቁ ስም ቢጠረጠር ልክ ነው። ለሥራችን የሚጠቅመን ግን ማንም ለማጋነን የማይደክምበት ተራ ነገር ነው፦ ሰፈሩ፣ ሥራው፣ ጠባሳው። ከዚያ ወዲህ በቅጻችን ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤት ውስጥ ምን ሲባል ሰምተዋል?» የሚል ሆኗል። ካውንቲዎቹ የተቋቋሙበት ዓመትም ተጽፎ ጠረጴዛችን ላይ ተለጥፏል። የልዕልቷን ነገር ይዞ የመጣም መጀመሪያ የሚጠየቀው አያቱ የት ይኖሩ እንደነበር ነው።

እማማ አሁንም ይመጣሉ። የ1860ውን ቅጽ ይዘዋል፤ ሞንሮ ውስጥ ዕድሜው የሚገጥም ስም የለሽ ልጅ የነበራቸውን ጌቶች አንድ በአንድ እያጣሩ ነው። አብሯቸው የሚቀመጠው ያው ልጅ ነው። በቀደም እንደ ቀልድ የአላባማውን ነገር ሊያነሳባቸው ሞከረ።

«እሱን ለአላባማ ሰዎች ንገራቸው» አሉት።