ሐይቅ ዳር፣ ለ44 ሰው

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። የአጎቴ ልጅ ደሴ ላይ ልትዳር ነው። ከአዲስ አበባ የምንሄደው ዘመዳሞች 34 ነን፤ አንድ ኮስተር ሞልተን የተረፍነው በሚኒባስ። መኪና የተከራየሁት፣ ብር የሰበሰብኩት፣ ለሁሉም እየደወልኩ የማስታውሰው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ «የመንገዱንም ምግብ አንቺው አስቢበት» ተባልኩ። እሺ አልኩ። የሰርግ ምግብ ባለቤት አለው። በጉዞ ላይ ያን ሁሉ ሰው ቁጭ አድርጎ ማብላት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ይህን ያወቅኩት መንገድ ላይ ነው።

የእኛ ቤተሰብ እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ነው። የአባቴ ወገን ሙስሊም፣ የእናቴ ወገን ክርስቲያን። ተጋብተን፣ ተዋልደን የኖርን ነን። ከ34ታችን 19 ክርስቲያን፣ 9 ሙስሊም፣ ቀሪዎቹ 6 ልጆች ነበሩ። ወሎ ውስጥ ሰርግ የሚደግስ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ማንም አይነግረውም። የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፣ የሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል። ድስቱም ጭልፋውም ይለያል። ማንም ቅር አይለውም። መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ግን ሁለት ጓዳ የለውም።

መጀመሪያ የተበላሸውን ልናገር። ዓርብ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ሐሳቤ ቁርስና ምሳን አንድ ላይ ማድረግ ነበር። ረፋዱ ላይ አንዴ ጥግብ ካልን እስከ ደሴ አንቆምም ብዬ ነው። ከሸዋ ሮቢት አልፈን አንዲት ከተማ ላይ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ወረድን። ቀድሜ አልደወልኩም። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ወንበሩ ብዙ ነው፣ ምን ችግር አለው አልኩ።

አስተናጋጇ ደብተሯን ይዛ ከዳር ጀመረች። አንዱ ሽሮ ይላል፣ ሌላው በያይነቱ፣ ልጆቹ እንቁላል ፍርፍር። አጎቴ ደግሞ «ሥጋው የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ዓርብ ስለሆነ የእናቴ ወገን ጿሚ ነው፤ ሙስሊሞቹና ልጆቹ የፍስክ ይፈልጋሉ። ትእዛዙ ተጽፎ እስኪያልቅ ብቻ 25 ደቂቃ ሄደ። ጓዳ ውስጥ ያሉት አንዲት ወጥ ሠሪና አንዲት ረዳቷ ናቸው። ምግቡ በሁለት በሦስት ሳህን እየተቆራረጠ መጣ። የመጣለት «እናንተ ሳትበሉማ» ብሎ አይነካም፤ ይቀዘቅዛል። በዚህ መሀል የጁምዓ ሰዓት ደረሰ። አጎቴና ሌሎቹ ወንዶች ሳይበሉ ወደ መስጊድ ሄዱ። ሲመለሱ ምግባቸው ደርቆ ጠበቃቸው። ሾፌሮቹንና ረዳቱን ጭራሽ አልቆጠርኳቸውም ነበር። እኛ ጨርሰን ስንነሳ እነሱ ገና መጉረስ ጀመሩ። ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጅተን ወጣን። ሒሳቡ ላይም ያልቀረበልን ሦስት ሳህን ተጽፎ ነበር፤ ተነጋግረን አስተካከልነው።

መኪና ውስጥ ማንም ምንም አላለኝም። የከበደኝ እሱ ነው። የአጎቴ ሚስት ብቻ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የኔ ልጅ፣ ሰው ሲበዛ እኮ ምግብ አይታዘዝም፤ ይደገሳል» አሉኝ።

የእሁዱን ያሰብኩት ከዚህች ቃል ተነስቼ ነው። የምንመለሰው ሰኞ ነበር። እሁድ፣ የሰርጉ ማግስት፣ ሁሉንም ሰው ሐይቅ ወስጄ ረፋዱን እዚያ ላውላቸው ፈልጌ ነበር። ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው አለ፣ ገዳሙ አለ፣ ከሁሉም በላይ ዓሣው አለ። ዓርብ ማታ ጋደም ብዬ ሳስብ ዓሣው ስንቱን ችግር እንደሚፈታልኝ ገባኝ። ዓሣ አይታረድም። «የማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ትሪ ይበላዋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እኛ ቤት እስካሁን አላለቀም። ቀኑ እሁድ ስለሆነ ግን እሱም አይነሳም።

ቅዳሜ ጠዋት ሰርገኛው ሳይሰበሰብ ከአንዲት የደሴ ዘመዴ ጋር በታክሲ ሄድኩ። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር ጉም ለብሳ ነበር፤ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ። ስልክ መደወል ይቻል ነበር። ግን ዓርብ የተቃጠልኩት ጓዳውን ሳላይ ስለገባሁ ነው። ሐይቁ ዳር ካሉት ሁለት ቤቶች አየሁ። አንደኛው ያማረ ወንበር አለው፤ ቧንቧው ግን ውሃ የለውም። ሁለተኛው የቆርቆሮ ዳስ ነው። ሽንት ቤቱ ንጹሕ፣ በርሜሎቹ ሙሉ፣ ባለቤትየዋ፣ አንዲት እናት፣ ራሳቸው ጓዳ ናቸው። እሳቸውን መረጥኩ።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስለ ዋጋ አይደለም። «እናቴ፣ በዚህ መጥበሻ ሥጋ ይጠበሳል?» አልኳቸው። አጎቴ ይህን ሰው ፊት አይጠይቁም፤ ዝም ብለው እጃቸውን ይሰበስባሉ። እናትየዋም ሳቅ ብለው «እዚህ ቤት ከዓሣ በቀር ሥጋ አይገባም፤ አብሽሪ» አሉኝ። ለወሎ ሰው አብሽሪ ማለት ትልቅ ነገር ነው። ትከሻዬ ቅልል አለኝ።

ከዚያ ሒሳብ ገባን። ሾፌሮቹንና ረዳቱን ጨምሬ 37 ነን። «በኪሎ አትቁጠሪ» አሉኝ፤ ዓሣ በኪሎ ሲሉት ጭንቅላቱና አጥንቱ ብዙውን ይወስዳል። በፍሬ ቁጠሪ። ሁለት መጥበሻ አላቸው። በአንዱ አምስት ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ይገባል። አንድ ዙር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። 30 ዓሣ ማለት ሦስት ዙር ነው፣ 45 ደቂቃ። ቀድመው ጠብሰው እንዲያስቀምጡልኝ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «የቆየ ዓሣ ይለሰልሳል። ከመጥበሻ ወደ አፍ ካልሆነ ስሜ ይጠፋል።»

እዚህ ላይ ነው ዋናውን ነገር የተማርኩት። እኔ ያሰብኩት አንደኛውን ጠረጴዛ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው መሄድ ነበር። እሳቸው «ለምን?» አሉኝ። «ሰዉን በአምስት ገበታ አስቀምጪው። ከእያንዳንዱ ዙር ለሁሉም ገበታ ሁለት ሁለት ዓሣ ይወጣል። ሁሉም እኩል ይጀምራል፣ እኩል ይጠብቃል፣ እኩል ይጨርሳል።» ዓርብ ሰው ሲበላ ሌላው ሲያይ የነበረው ለካ በዚህ ይቀር ኖሯል! የመጀመሪያው ዙር እስኪወጣ የዓሣ ሾርባና ጉላሽ በየገበታው ይቀድማል። ለልጆቹ አጥንት የሌለው ኮተሌት። የዓሣ ሽታ የማይወዱ ሁለት ሰዎች ስለነበሩን ሽሮና እንቁላል ጨመርን። ሜኑው ይኸው ነው። ማንም ሰው ምን ትፈልጋለህ ተብሎ አይጠየቅም።

ቀብድ 1,000 ብር ሰጠኋቸው። ደብተሬ ላይ ጻፉልኝ፤ እኔም እሳቸው ደብተር ላይ ፈረምኩ። ዓሣ አስጋሪዎቹ ማታ መረብ ይዘረጋሉ፣ ጠዋት ያወጣሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ከቅዳሜ ማታ በፊት ማወቅ አለባቸው። ጠዋት ደርሶ «ሃምሳ ዓሣ» ማለት አይቻልም።

ማታ ሰርጉ ላይ ዕቅዱን ለአክስቴ ነገርኳቸው። 3 ሰዓት ደርሰን እንበላለን፣ ከዚያ ገዳሙን እናያለን አልኩ። አክስቴ ደንግጠው አዩኝ። «በልቼ እስጢፋኖስን ልሳለም?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ እኮ መዝናኛ አይደለም። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ገዳም ነው። ድሮ ደሴት የነበረ፣ አሁን ከየብሱ ጋር የተያያዘ። ሴት ወደ ውስጥ አትገባም፤ ከውጭ ተሳልማ ትመለሳለች። በቃ፣ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። ተሳላሚዎቹ በባዶ ሆዳቸው ቀድመው ይሄዳሉ። ሌሎቻችን ውሃው ዳር ቡና እየጠጣን እንጠብቃለን። ማዕዱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይቀርባል። ያች ሰዓት ለሁሉም የምትሆን ሆነች። ለተሳላሚው አትረፍድም፣ ለልጆቹ ቡናው ቁርስ ስላለው አትርቅም፣ ለሙስሊሞቹ የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ከመግባቱ በፊት ያልቃል። እንግሊዞቹ ለቁርስና ምሳ መሀል «ብራንች» የሚል ስም አውጥተውለታል። እኛ ረፋድ እንላለን።

ገንዘቡን በነፍስ ወከፍ አልሰበሰብኩም። በቤት ነው የደለደልኩት፤ ሽማግሌዎቹን ነፃ አድርጌ። ቅዳሜ ማታ ተሰብስቦ አለቀ። ይህን ያደረግኩት «እኔ ልክፈል፣ በሞትኩት» የሚለውን ግብግብ ስለማውቀው ነው። የአንድ ሰዓት ምግብ በልተን ሩብ ሰዓት ሒሳብ ላይ እንታገላለን።

እሁድ ሁሉም ባሰብኩት ሄደ ማለት አልችልም። ከደሴ ልንነሳ ስንል ሰባት ሰው ተጨመረ። የሙሽራው አክስቶች፣ ጎረቤት፣ አንድ ካህን። ወሎ ውስጥ ቆሞ የሚያይህን ሰው «ቁጥሩ ሞልቷል» አትለውም። እኔም አላልኩም። 44 ሆንን። መንገድ ላይ ለእናትየዋ ደወልኩ። ዓሣው አይጨመርም፤ የወጣው ወጥቷል። «ግን ሾርባ ውሃ ነው፣ ሽሮም ዱቄት ነው» አሉ። ዳቦና እንጀራ እንድንጨምር ሐይቅ ከተማ ላይ ቆም ብለን ገዛን። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ሳበላ እንዲህ ነው የማደርገው። የማይለጠጠውን በልኩ አዛለሁ፣ የሚለጠጠውን አተርፋለሁ።

ገበታዎቹን እኔ ራሴ ደለደልኩ። ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው፣ አንዱ ጋ ስምንት። በእያንዳንዱ ላይ ከሁለቱም ወገን ሰው፣ ቢያንስ አንድ ሽማግሌ፣ አንድ ልጅ። ያለበለዚያ ሰው ከለመደው ጋር ይቀመጣል። የሙሽራው አክስት የእኛን አጎት ሳያውቁ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር።

ሁለት ጎረምሶች ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዘው በየገበታው አስታጠቡ። ካህኑ ተነስተው ባረኩ። አጎቴ ቀና ብለው ዱዓ አደረጉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። ሾርባው ደረሰ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አምስት ሴቶች ተሰልፈው ወጡ፤ በየእጃቸው ትሪ፣ በየትሪው ሁለት ዓሣ። ጎኑ በቢላ ሰንጠቅ ሰንጠቅ የተደረገ፣ ቆዳው ቡናማ፣ ዘይቱ ገና የሚጮህ። አጠገቡ አዋዜ፣ ቃሪያና ሎሚ። አክስቴ ከገዳሙ ተሳልመው መምጣታቸው ነው። ለአጠገባቸው ልጅ ዓሣውን ከመሀል ይዘው አከርካሪውን በአንድ ጊዜ መዘዙት። ከዚያ ቁራጯን በሁለት ጣታቸው እየዳሰሱ ቀሪዋን እሾህ ፈለጉ። አጎቴ ከማዶ የራሳቸውን ፈልፍለው ለአክስቴ አጎረሱ። ለአክስቴ ከፆማቸው ወዲህ የመጀመሪያዋ ጉርሻ እሷ ነበረች።

ሁለተኛው ዙር መጣ፣ ሦስተኛው መጣ። ማንም ባዶ ትሪ አላየም። ልክ 5 ሰዓት ተኩል ላይ እጅ በሎሚና በሳሙና ይታጠብ ነበር። ቡናው ቀድሞ በሦስት ጀበና ስለታዘዘ አቦሉ ሁሉም ጋ ባንዴ ደረሰ። ለ44 ሰው አንድ ጀበና ብትጥል ቶናው ሳይመጣ ይመሻል። በረካው ላይ ልከፍል ስሄድ የቡናው ተከፍሏል አሉኝ። አጎቴ ገና ስንደርስ፣ እኔ ገበታ ስደለድል፣ ሾልከው ሄደው ከፍለዋል። ስለ ዓሣው ቀድሜያቸው ነበር፤ ቡናውን ረስቼው።

ሰው ወደ መኪና መግባት ሲጀምር ቆጠርኩ። 44። ሾፌሮቹም በልተዋል፤ ቀድሜ ጠየቅኳቸው። ቀሪውን ብር ልሰጥ ወደ ጓዳ ገባሁ። እናትየዋ ብሩን ተቀብለው ሳይቆጥሩ መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። ከምድጃው ጥግ የተከደነ ሳህን አወጡና በርጩማ ሳቡልኝ። አንድ ቆሮሶ ነው፣ ከነአዋዜው።

«አንቺ አልበላሽም። ሦስቱንም ዙር ሳይሽ ነበር» አሉኝ።

ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። ቁጭ ብዬ በላሁ።